ቪዲዮውን አቁሚና ጠይቂያቸው

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከደሴ ወጣ ብላ በምትገኝ ከተማ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሦስተኛ ዓመቴ ነው። አንዱ ክፍሌ ውስጥ 68 ተማሪ አለ። ቤተ ሙከራ አለን ይባላል እንጂ ያለን ማይክሮስኮፕ አንድ ነው፤ እሱም መስታወቱ ተሰንጥቋል። ባለፈው ወር ኦስሞሲስን (ውኃ በሴል ስስ ሽፋን አልፎ ጨው ወደ በዛበት የሚሄድበትን) ሳስተምር ከቲክቶክ ያገኘሁትን አጭር ቪዲዮ በላፕቶፔ አሳየኋቸው። ክፍሉ እንደዚያ ቀን ጸጥ ብሎ አያውቅም። ‹ቲቸር፣ ዛሬ ገና ገባን› አሉኝ። እየበረርኩ ቤቴ ገባሁ። በሳምንቱ አጭር ፈተና ሰጠኋቸው። ከ10 አምስትና ከዚያ በላይ ያመጡት 19 ብቻ ናቸው።

ርእሰ መምህሩ ‹ስልክ በተከለከለበት ግቢ አንቺ ራስሽ ቲክቶክ ታሳያለሽ?› አሉኝ። የአንድ ተማሪ አባት ደግሞ መጥተው ‹ልጄን ከዚህ ነገር ለማላቀቅ ስታገል አንቺ መልሰሽ አስገባሽብኝ› ብለው ተቆጡኝ። አንዳንዴ ጠመኔዬን ይዤ አርፌ ብቀመጥ ይሻላል እላለሁ። ግን ልጆቹ ማታ ማታ ስልክ ላይ የሚያዩት እኔ ሰሌዳ ላይ ከምስለው ሴል በብዙ ይበልጣል። የሥራ ባልደረቦቼ የራስሽን ቻናል ክፈቺ ይሉኛል። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ግራ የገባኝ መምህርት»

እህቴ፣ ጋሼ ብለሽ ስለጻፍሽልኝ አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ።

አትተዪው። መልሴ ይኸው ነው። የቀረው ስለ አያያዙ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ቀልቤን የያዘው ማይክሮስኮፑ አይደለም፤ የርእሰ መምህሩ ቁጣም አይደለም። ፈተናው ነው። ስለ ቪዲዮ የሚያወሩኝ ብዙ መምህራን «ተማሪዎቹ በጣም ወደዱት» ብለው እዚያው ላይ ያቆማሉ። አንቺ አላቆምሽም። ፈተንሻቸው፣ ያገኘሽውንም ሳትሸፋፍኚ ነገርሽኝ። ከ68ቱ 19። ቁጥሩ አሳዝኖሽ ይሆናል። ለእኔ ግን ከ«ዛሬ ገና ገባን» ይልቅ የሚጠቅመን እሱ ነው።

ልጆቹ አልዋሹሽም። በእውነት ገብቶናል ብለው አምነዋል። ጥርት ያለ ቪዲዮ ያየ ሰው የመረዳት ስሜት ይሰማዋል። ነገሩ ግን ስሜቱ ብቻውን መምጣት ይችላል፤ መረዳቱ ሳይከተለው።

ይህን በደንብ የመረመረ ሰው አለ። ዴሪክ ሙለር ይባላል። ዛሬ ቬሪታሲየም የተባለውን ታዋቂ የሳይንስ ዩቲዩብ ቻናል የመሠረተ ሰው ተብሎ ነው የሚታወቀው። ቻናሉን ከመክፈቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን የጨረሰው በዚሁ በአንቺ ጥያቄ ላይ ነበር፤ የፊዚክስ ቪዲዮ እንዴት ቢሠራ ያስተምራል? ለአንዳንዶቹ ተማሪዎች ግልጽና እጥር ምጥን ያለ ማብራሪያ አሳየ። ለሌሎቹ ደግሞ ሁለት ሰዎች የሚከራከሩበትን ቪዲዮ አሳየ። በክርክሩ ውስጥ አንደኛው ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱትን ስህተት ይናገራል፤ ለምሳሌ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ገና እየወጣ ሳለ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል አለ ይላል። ሌላኛው እየጠየቀ ያርመዋል። ግልጹን ያዩት ተማሪዎች ቪዲዮውን አመሰገኑ፤ «ቀላል ነው፣ ይገባል» አሉ። ውጤታቸው ግን ከነበረበት ፈቀቅ አላለም ማለት ይቻላል። ክርክሩን ያዩት ግራ ተጋባን አሉ። ብዙ የተማሩት ግን እነሱ ሆኑ።

ለምን ይመስልሻል? ግልጹን ቪዲዮ ሲያዩ ልጆቹ አስቀድመው ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለውን ሐሳብ አልነካባቸውም። «አዎ፣ እኔም የማውቀው ይኸው ነው» ብለው አለፉ። ስህተታቸውን ይዘው ገቡ፣ ስህተታቸውን ይዘው ወጡ።

ሃርቫርድ ውስጥም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነገር ታይቷል። የፊዚክስ መምህሩ ኤሪክ ማዙርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ክፍል ውስጥ የሚሠራ የሙከራ ማሳያን ፈተሹ። ማሳያውን ዝም ብለው የተመለከቱ ተማሪዎች ጭራሽ ካላዩት ብዙም የተሻለ አልተረዱም። ከማየታቸው በፊት «ምን ይሆናል?» ተብለው የገመቱት ግን ተሻሉ። ለግምቱ የሚወስደው ጊዜ እኮ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። እነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ናቸው ከአንቺ ክፍል የጎደሉት።

አሁን ከራሴ ልንገርሽ።

የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲገባ እኔ ፊዚክስ አስተምር ነበር። አንቺ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበርሽ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ። እኔ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ አለችኝ። በመሀል የክፍሉ መምህር ስክሪኑ ነው። ሥዕሉ ግሩም ነበር። እኔ በጠመኔ ላሳየው የማልችለውን ሞገድ እዚያ ላይ ሲንቀሳቀስ አይቼ እኔም ተደንቄያለሁ።

አንድ ቀን የስክሪኑ መምህር ጥያቄ ጠየቀ። ጥቂት ሰከንድ ዝም አለ። ከዚያ «ቬሪ ጉድ» ብሎ አለፈ። ክፍሌ ውስጥ ግን አንድም ልጅ አልመለሰም ነበር። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አነሳ። ወደ ስክሪኑ አየ። ወደ እኔ አየ። ትምህርቱ ቀጥሏል። እጁን ቀስ አድርጎ አወረደ። ማቆሚያ አልነበረኝም። ያ እጅ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

ይህን የምነግርሽ ላፕቶፕሽ ላይ ማቆሚያ ስላለሽ ነው። አንድ ጣት ብቻ ነው የሚፈልገው። ለእኔ ትውልድ መምህራን ያልተሰጠን ነገር ያ ነው። ባለፈው ወር ግን ቪዲዮውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለቀቅሽው፤ ልጆቹ ጸጥ ብለው አዩ፣ አለቀ። ሳታስቢው ክፍልሽን ፕላዝማ አደረግሽው። አትቀየሚኝ፤ እኔም በቦታሽ ብሆን ያን ጸጥታ ሳይ ጣቴን አላነሳም ነበር።

እንግዲህ ኦስሞሲስን ድጋሚ አስተምሪው። አዎ፣ ያንኑ።

ሁለት ድንች ግዢ። ልጠሽ በጣት ውፍረት ክተፊው። ጠዋት ትምህርት ቤት ስትደርሺ ግማሹን ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ፣ ግማሹን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ጨው በሟሟበት ብርጭቆ ውስጥ ጨምሪው። ክፍለ ጊዜሽ እስኪደርስ ይቆይ። ስትገቢ ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና ምንም ሳታስረጂ እንዲህ በያቸው፦ «አንዱ ጨው ውኃ ውስጥ፣ አንዱ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነው የቆየው። የትኛው ይለሰልሳል? ለምን? ጻፉ።» ቁራጭ ወረቀት ይበቃል፤ ስም አያስፈልግም። ወረቀቱን ሰብስበሽ አምስት ስድስቱን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

ምን እንደሚጽፉ አሁኑኑ ልነግርሽ እችላለሁ። «ጨው ድንቹ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለዋል።» «ጨው ውኃውን ይጠጣዋል።» «ንጹሕ ውኃ ውስጥ ያለው ይለሰልሳል፣ ውኃ ያበሰብሰዋል።» ይህ የመጨረሻው ብዙ ይመጣል። አትሳቂባቸው፣ አታርሚያቸውም። ሰሌዳው ላይ እንዳለ ጻፊው። ሙለር በቪዲዮው ውስጥ ያስገባው ተከራካሪ ማለት ይህ ነው። አንቺ ጋ በነጻ መጣ።

ከዚያ ድንቾቹን አዙሪ። ይንኩት። የጨው ውኃው ድንች እንደ ላስቲክ ይጎብጣል። የንጹሑ ውኃ ድንች ጠንክሮ ቀጥ ይላል፤ ስታጎብጪው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ያንን ድምፅ ይስሙት።

አሁን ነው የቪዲዮው ተራ። ማይክሮስኮፕሽ ተሰብሯልና ልጆቹ በእጃቸው የነኩት ነገር ውስጥ ምን እንደተፈጠረ ሊያሳያቸው የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ዩቲዩብ ላይ የቀይ ሽንኩርት ሴል ጨው ሲጠባጠብበት የሚያሳይ ቪዲዮ ሞልቷል። ከካርቱኑ ይልቅ በእውነተኛ ማይክሮስኮፕ የተቀረጸውን ምረጪ። የጨው ውኃው ሴሎቹ ጋ ሊደርስ ሲል አቁሚው። «ወይን ጠጁ ቀለም ምን ይሆናል? ለጎንህ ንገረው።» ክፍሉ ይንጫጫል፤ ይንጫጫ። ከዚያ ልቀቂው። ቀለሙ ከሴሉ ግድግዳ እየተላቀቀ ወደ መሀል ይሰበሰባል። አሁንም አቁሚ። ያዩትን ደብተራቸው ላይ ይሳሉት። ከዚያ እንደገና ጠይቂ፦ «አሁን ንጹሕ ውኃ ብንጨምርበትስ?» ብዙዎቹ ሞቷል፣ አይመለስም ይሉሻል። ብዙ ጊዜ ግን ይመለሳል፤ ቀለሙ ቀስ እያለ ሲሞላ ያዩታል።

ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እንዲፈጅ ነው የምፈልገው።

እዚህ ጋ የምትጨምሪው አንድ ነገር አለ፤ ቪዲዮው አይነግርሽምና። ብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ የውኃው ቀስት አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳያል። ልጆቹ ውኃ ከሴሉ ወጥቶ የቀረ ይመስላቸዋል። ውኃ በሜምብሬኑ፣ በሴሉ ስስ ሽፋን፣ ይገባልም ይወጣልም፤ ጨው ሲበዛ የሚወጣው ከሚገባው ስለሚበልጥ ነው ሴሉ የሚኮማተረው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ቀስት ሳዪ፤ አንዱን ወፍራም፣ አንዱን ቀጭን። ያ የጠመኔ ሥራ ነው። ጠመኔሽን ይዘሽ መቀመጥ የለብሽም፤ መጣልም የለብሽም።

ከዚያ ወደ ጓዳ ውሰጃቸው። የቲማቲም ሰላጣ ጨው ተነስንሶበት ሲቆይ ውኃ ያቀራል፤ ከየት መጣ? ቋንጣ በጨው ሲታሽ ለምን ቶሎ አይበላሽም? ከሳምንት በኋላ ስትፈትኛቸው ደግሞ ድንቹንም ሽንኩርቱንም አትጠይቂያቸው። ሌላ ነገር ጠይቂ። መካከለኛው አዋሽ አካባቢ በመስኖ በሚለሙ እርሻዎች አፈሩ ጨዋማ እየሆነ አስቸግሯል። «ቃሪያ እንዲህ ያለ አፈር ላይ ተክለን ውኃ ብናጠጣው ለምን ይጠወልጋል?» ይህን የመለሰ ልጅ ኦስሞሲስ ገብቶታል።

ድምፁን አጥፊው። ይህንን አጥብቄ ነው የምነግርሽ። ቲክቶክ ላይ ያለው ትምህርት አብዛኛው ፈጣን እንግሊዝኛ ነው፤ ከኋላው ሙዚቃ አለ፤ ፊት ለፊቱ ጽሑፍ ይበራል። 9ኛ ክፍል ገና በእንግሊዝኛ መማር እየለመደ ያለ ልጅ ዓይኑ ሽንኩርቱን ይይ፣ ጽሑፉን ያንብብ ወይስ ጆሮው ያዳምጥ? በዚህ ላይ ለረጅም ዓመታት የሠራው አሜሪካዊው ሪቻርድ ሜየር በተደጋጋሚ ያሳየው ነገር አለ፤ ጌጡና ሙዚቃው ሲቀነስ ትምህርቱ ይሻላል፤ ሥዕል ከጽሑፍ ይልቅ ከድምፅ ጋር ሲሄድ ይበልጥ ይገባል። ያ ድምፅ ያንቺ ይሁን። «ይኸውላችሁ፣ ይሄ ሴል ዎል ነው፣ አልተንቀሳቀሰም። የተላቀቀው ሜምብሬኑ ነው።» የእንግሊዝኛውን ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፊ፣ ነገሩን በአማርኛ ተርኪው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃሉን ማወቅ አለባቸው፤ ነገሩን ግን መጀመሪያ በሚገባቸው ይያዙት።

ቪዲዮ ስትመርጪ አጭር ይሁን። ኤድኤክስ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ ላይ ወደ 6.9 ሚሊዮን የሚጠጋ የቪዲዮ እይታ ተመርምሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014። ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም ተማሪው በአማካይ ከስድስት ደቂቃ በላይ አይቆይበትም። እነዚያ ወደው የተመዘገቡ ሰዎች ናቸው። ለ9ኛ ክፍል ልጅ እኔ ከሦስት ደቂቃ በላይ አላሳይም።

እስከ መጨረሻዋ ሰከንድም ራስሽ እይው። አንዳንዱ መጨረሻ ላይ ማስታወቂያ ወይም የማይሆን ቃል አለው። ስህተትም አለ። የደም ዝውውርን ስታስተምሪ የደም መልስ ቧንቧ ሰማያዊ ሆኖ የሚሣልበትን ቪዲዮ ታገኛለሽ፤ ሰማያዊው ለመለያ ነው የገባው። ልጁ ግን ኦክስጅን የሌለው ደም ሰማያዊ ነው ብሎ ይሄዳል። የሰው ደም መቼም ሰማያዊ አይሆንም፤ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። እንዲህ ያለውን አትጣዪው፤ ያዢው። «ይህ ቪዲዮ ብዙ ሺህ ላይክ አለው። ስህተቱ የቱ ጋ ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ማታ ብቻቸውን ስልክ ይዘው ሲቀመጡ የሚጠቅማቸው ትምህርት ይህኛው ይመስለኛል።

ስለ ዳታ ብዙ አልልም፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ክፍል ውስጥ ኔትወርክ ተማምነሽ አትግቢ። ኔትወርክ ባለበት አውርጂና ፍላሽ ላይ አስቀምጪው። በ360 ጥራት ይበቃል፤ ሽንኩርቱ ይታያል፣ ሜጋባይቱም ይተርፋል። የሠራውን ሰው ስም ለልጆቹ ንገሪያቸው፤ የሰው ድካም ነው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪሽን ማታ ሙዪ። አንድ ላፕቶፕ ደግሞ ለ68 ልጅ አይበቃም። የኋለኞቹ ያዩት ብልጭታ ብቻ ይሆናል፤ ምናልባት ከፈተናው ውጤት የተወሰነው እዚያም ይሆናል፤ የወደቁት የት እንደሚቀመጡ እስኪ እይው። ክፍሉን ለሁለት ክፈይው። ግማሹ ድንቹን ይዞ ይሥራ፣ ግማሹ ተጠግቶ ይይ፤ ከዚያ ይቀያየሩ።

ስልክ ይዘው እንዲመጡ ግን አትጠይቂያቸው፤ ቤት ሄዳችሁ ይህን ቪዲዮ እዩ የሚል የቤት ሥራም አትስጪ። ስልክ የሌለው ልጅ አለ። እኔ ባየሁት ደግሞ በብዙ ቤት ስልክ ቀድሞ የሚገዛው ለወንዱ ልጅ ነው። ሴቷ የወንድሟን ስልክ ለምና ባዮሎጂ እንድታይ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ወደ አባትየው ልምጣ።

እሳቸው ላይ አትዘኚ። ቲክቶክ ሲያዩ አንድ ቪዲዮ አልቆ ሌላው ይተካል፤ ማብቂያ የለውም፤ የተሠራውም እንደዚያው እንዲሆን ነው። ልጃቸው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ሲያበራ አይተውት ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር በየቤቱ የገባውን ድንጋጤ ታስታውሻለሽ። በ2016 ዓ.ም. ከፍ ብሎ 5.4 በመቶ ነበር። ልጅ ያለው አባት ይህን ሰምቶ ስልክ ቢጠላ አልፈርድበትም።

ስለዚህ አግኚያቸው፣ እንዲህም በያቸው፦ «አባባ፣ ልጅዎን ወደ ቲክቶክ አልላክሁትም። እዚያ ካለው አንድ የሚረባ ነገር አውጥቼ ወደ ክፍል አመጣሁ።» ልዩነቱ ይህ ነው፤ አንቺም ራስሽ አጥብቀሽ ያዢው። ክፍል ውስጥ መተግበሪያውን አትክፈቺ። ተራ የቪዲዮ ፋይል ብቻ ይታይ። ቀጥሎ የሚመጣ ነገር የለም፣ ኮሜንት የለም፣ ላይክ የለም። ከተቻለ ድንቹ ያለበትን ክፍለ ጊዜ መጥተው እንዲያዩ ጋብዣቸው። መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጠው ልጃቸው ሲከራከር ቢሰሙ ከእኔና ካንቺ ቃል ይበልጣል።

ርእሰ መምህሩም የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰርዟል፤ ድጋሚ ሲሰጥም ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘግቶ ነበር። ያን ዘመን በኃላፊነት ያሳለፈ ሰው ቲክቶክ የሚለውን ቃል ሲሰማ ይሰጋል። ቢሮአቸው በቃል አትከራከሪ። አንድ ገጽ ጻፊላቸው፤ የትኛው ቪዲዮ፣ ለስንት ደቂቃ፣ ከመማሪያ መጽሐፉ የትኛው ርእስ ላይ፣ የተማሪ ስልክ አያስፈልግም የሚል። የ19ኙንም ውጤት አብረሽ አሳያቸው። «በመጀመሪያው መንገድ ይህን አገኘሁ፤ አሁን እንዲህ አድርጌ ልሞክርና ውጤቱን ላምጣልዎ» በያቸው። ውጤት ያልደበቀች መምህርት ይታመናል ቃሏ።

ቻናል ክፈቺ ላሉሽ፣ ለጊዜው ይቆይ። ቻናል ሌላ ሥራ ነው፤ ማታሽን ይወስደዋል፣ ዓይንሽም ከ68ቱ ልጆች ወደ ተመልካች ቁጥር ይሄዳል። በእሱ ፋንታ ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩ። ይህኛው በጣም ያጓጓኛል። ስድስት ስድስት ሆነው ይከፋፈሉ። እያንዳንዱ ቡድን ኦስሞሲስን በአንድ ደቂቃ የሚያስረዳ ቪዲዮ ያዘጋጅ፤ በአማርኛ። የሚቀረጸው ባንቺ ስልክ ነው። ኢንተርኔት አያስፈልግም።

የሚቀረጸው እጅና ድምፅ ብቻ ይሁን፤ ድንቹ፣ ብርጭቆው፣ ሥዕሉ። ፊት አይታይ። የልጅ ፊት አንዴ ከወጣ አይመለስም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም አለን፣ ቁጥር 1321/2016፤ ወላጅ ሳይፈቅድ የተማሪ ምስል አትልቀቂ። ክፍል ውስጥ አሳይተሽ እዚያው ይቅር።

የሚገርምሽ ነገር ግን ከመቅረጻቸው በፊት ነው የሚመጣው። የሚናገሩትን ጽፈው ያምጡልሽ። አንዱ ቡድን «ጨዉ ውኃውን ስቦ ያወጣዋል» ብሎ ይጽፋል። እንግዲህ ጠይቂያቸው፦ «በምን ይስበዋል? እጅ አለው?» ይፋጠጣሉ። ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። አንዲት ደቂቃ ለመናገር ሦስት ጊዜ ይጽፉታል። በፈተና ወረቀት ላይ የማታገኚውን እዚያ ታገኚዋለሽ፤ የቱ ጋ እንደተጣመመባቸው።

የተጻፉትን ቁራጭ ወረቀቶች አትጣያቸው። በመጀመሪያው ቀን «ውኃ ያበሰብሰዋል» ያሉትን ለይተሽ አስቀምጪ። ፈተናውን ሰጥተሽ ስትጨርሺ መልሰሽ አንብቢላቸው፤ «ይህን ያላችሁት እናንተ ናችሁ፣ አሁንስ ምን ትላላችሁ?» ብለሽ።

ከዚያ ውጤቱን ጻፊልኝ። 19ኙ 40 ቢሆኑም፣ 19 እንደሆኑ ቢቀሩም ጻፊልኝ። በተለይ ቪዲዮውን ስታቆሚ ማን እጁን እንዳነሳ ንገሪኝ። እኔ እጠብቃለሁ።